ሽማግሌ ተልኬ ስለ ቅርጫት ኳስ የተናገርኩት

ሰው በአፉ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ስለ መንግሥት ወይ ስለ ጎረቤቱ ሚስት ተናግሮ ነው። እንዲህ ያለው ጥፋት ቢያንስ ሲወራ ያምራል። እኔ የጠፋሁት ስለ ቅርጫት ኳስ ተናግሬ ነው። ያውም አንድ ቀን በእጄ ነክቼው ስለማላውቀው ኳስ። ያውም ሰው ቤት፣ ነጠላ ተከናንቤ፣ ቆሜ።

እንዴት ገባህበት ካላችሁኝ በልጄ ነው። ሜሮን አሜሪካ ከምንኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቅ ኮሌጅ ስትገባ፣ አባት ምን ያድርግ፣ የኮሌጁ ስም የተጻፈበት ሹራብ ገዛሁና ለብሼው ሥራ ሄድኩ። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍል መግፋት ነው። ያን ቀን የገፋሁት ሰው ሁሉ ሹራቤን እያየ ስለ ቡድኑ ይጠይቀኛል። የምን ቡድን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። "ዘንድሮ እንዴት ናቸው?" ሲሉኝ "ያው ናቸው" እላለሁ። ለካ ይህ መልስ ለሁሉም ያገለግላል። ተስፋ ያለው በሽተኛም፣ ተስፋ የቆረጠውም፣ ሁለቱም "እውነትህን ነው" ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቢሆንም ከሁለት ቃል በላይ ማወቅ አማረኝና ጨዋታ ማየት ጀመርኩ። በሁለተኛው ወር ተንታኝ ሆንኩ። ሐበሻ ነኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ሊፈጅብኝ?

ሜሮን ግን አንድም ጨዋታ አላየችም። አንድ ጊዜ ከባድ ሽንፈት ደርሶብን ላጽናናት ብደውል፣ "ዳዲ፣ አይ ዶንት ኢቭን ላይክ ባስኬትቦል" አለችኝና ፈተና አለብኝ ብላ ዘጋች። በአራት ዓመት ጨርሳ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ ሌላ ስቴት ገባች። እኔ ሳልመዘገብ ኮሌጁ ውስጥ ቀረሁ።

የምንከራከረው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ካለ አንድ የሐበሻ ማርኬት ጓሮ ነው። ፊት ለፊቱ እንጀራና በርበሬ ይሸጣል፣ ከኋላ ሦስት ጠረጴዛና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለ። ቋሚዎቹ እኔ፣ ሙሉጌታና ጋሽ ይልማ ነን። ሙሉጌታ የፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ነው፤ በአገር ቤት ሰፈራችን አንድ ነበር፣ እዚህም ሃያ ምናምን ዓመት አልተለያየንም። ዕድሜ ልኩን ነገ ጥሩ ይሆናል የሚል ሰው ነው፤ መኪናው መብራት አብርታ ስትጮህ እንኳ "ትለምደዋለች" ይላል። ጋሽ ይልማ ድሮ ዳኛ ነበሩ። ሰባውን አልፈዋል፤ ሕጉም አገሩም ከእጃቸው ከወጣ ቆየ፣ ዳኝነቱ ግን አልለቀቃቸውም። እኔና ሙሉጌታ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ስንጨቃጨቅ ያዳምጡና "መዝገቡ ለማክሰኞ ተቀጥሯል" ብለው ኮፍያቸውን ያነሳሉ።

ክርክሩ የሚጋለው መጋቢት ላይ ነው። በመጋቢት ከመላው አገር ስድሳ ምናምን ኮሌጆች ይመረጡና ይጋጠማሉ። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመልስ ጨዋታ የለም፣ ይግባኝ የለም፤ ጋሽ ይልማ ይህ ይግባኝ የሌለበት ነገር እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ማን እንደተመረጠ የሚነገረው አንድ እሑድ ማታ ነው። ውድድሩ ደግሞ ሁልጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። አሜሪካኖቹ የዶሮ ክንፍ እየጋጡ የሚያዩትን እኛ ሱፍ ፍትፍት እየቀመስን እናየዋለን። ሆድ ሲጎድል ቁጣ እንደሚሞላ ያልጾመ አያውቅም።

ቡድናችን ለዓመታት ሳይመረጥ ቆይቶ በዚያ ዓመት እንደሚመረጥ ተወራ። ሙሉጌታ ገና በጥር ዋንጫውን ወስዶ ጨርሷል። እኔ የመጀመሪያውን ጨዋታ አያልፍም ባይ ነበርኩ። ምክንያት አለኝ። ማንም ሳይከለክላቸው ቆመው የሚወረውሯትን ኳስ እንኳ ይስታሉ። ሲመሩ ይደነግጣሉ። ከሁሉ በላይ፣ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበት ረጅሙ ልጅ ከዕረፍት በኋላ መሮጥ ያቆማል።

ይህን የምለው ለክፋት አይደለም። ወጣት ሳለሁ ግብርና መሥሪያ ቤት የሰብል ትንበያ ክፍል ነበርኩ። አንድ ዓመት "ዘንድሮ ሰብሉ አያደርስም" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ጠርቶ ሞራል ትገድላለህ አለኝ። ሰብሉም አላደረሰ፣ እኔም ከቦታዬ ተነሳሁ። ልክ መሆንና መወደድ አንድ ጎጆ እንደማያድሩ ያኔ ነው የተማርኩት። ተማርኩ እንጂ አፌ አልተማረም።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ሙሉጌታ ሽማግሌ ሁንልኝ ያለኝ። የእህቱ ልጅ ዳዊት ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማሞቂያና ኤሲ ይጠግናል፤ አሌክሳንድሪያ የምትኖር ሕይወት የምትባል ነርስ ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን አዳራሽ ተይዟል፣ ካርድ ታትሟል፣ ኬክ ታዟል። የቀረው የልጅቱን አባት ልጅዎን ይስጡን ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። አባትየው አቶ ደምሴ "ልጄ የምትሄደው በወጉ ሽማግሌ ተልኮ ነው" ብለዋል። ሙሉጌታ ራሱ፣ ጋሽ ይልማና እኔ እንድንሄድ ተቆረጠ። ስለ አባትየው የነገረኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የአውቶብስ ሹፌር መሆናቸውንና የቡድኑ ብርቱ ደጋፊ መሆናቸውን። ስለዚህ ስለ ኳስ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ በሜሮን አስማለኝ። ማልኩለት። በልጄ የማልኩት መሐላ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ እንኳ አልደረሰም ማለት ይቻላል።

ዕለቱ እሑድ ነው። የትኛው እሑድ? የኮሌጆቹ ስም የሚጠራበት እሑድ። ቀኑን የመረጠው ሙሉጌታ ነው፤ በአሥር ሰዓት ገብተን፣ ጉዳያችንን ጨርሰን፣ ስም ሲጠራ ማርኬቱ እንደርሳለን ብሎ አስልቶ። ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ ላይ አደጋ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምን። ጋሽ ይልማ ከኋላ ወንበር ንግግራቸውን ያጠናሉ፤ ሙሉጌታ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ የነጠላዬ ጫፍ በር ውስጥ ተቆልፎ አስፋልት እየጠረገ መምጣቱን ያወቅሁት ስንወርድ ነው። ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ መስሎ ነበር።

አቶ ደምሴ ስድሳውን ያጋመሱ፣ አጠር ያሉ፣ ሸሚዛቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። እኛም እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን በተርታ ቆምን። አቶ ደምሴ ከፊታችን ተቀመጡ። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ። ለክብራችን ድምፁን ዘጉት እንጂ አላጠፉትም። ጋሽ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአብርሃምና ከሣራ ጀመሩ። እኔ ግን ከአብርሃም በላይ ያለውን ነበር የማየው። ስሞቹ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ወይዘሮ አስካለም ያያሉ። ሙሉጌታም አንገቱን ሳያነሳ በቅንድቡ ያያል። አቶ ደምሴ ብቻ ለወጉ ሲሉ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በፊታችን ላይ ለማንበብ ዓይናችንን አንድ በአንድ ይቃኛሉ።

ጋሽ ይልማ ይስሐቅና ርብቃ ላይ ሲደርሱ የቡድናችን ስም ወጣ። ሙሉጌታ ሳያውቀው "ተመስገን" አለ። ጋሽ ይልማ ለርብቃ መስሏቸው ደስ አላቸው። አቶ ደምሴ ግን ገባቸውና ተነስተው ዞሩ። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ይቅርታ ጠየቁን፤ ለዚህች ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቁ ነገሩን። ከዚያ ደስታ ሰውን የሚያደርገውን አደረጋቸውና ሽማግልናውን ለአፍታ ረስተው፣ እናንተ ከኮሌጁ አጠገብ ናችሁ፣ እስከ የት የሚደርሱ ይመስላችኋል አሉን።

ጋሽ ይልማ እግዜር ነው የሚያውቀው አሉ። ሙሉጌታ እስከ መጨረሻው አለ። እኔ መሐላዬን ይዤ ጣራ ጣራ አየሁ።

"እርስዎስ?" አሉኝ አቶ ደምሴ።

አሁን አንድ ሰው ይፍረደኝ። የልጅቱ አባት በቤታቸው በአክብሮት ጠይቀውኝ ዝም ብል ንቀት ነው። እግዜር ያውቃል እንዳልል ጋሽ ይልማ ወስደውታል። ሙሉጌታ እግሬን ረገጠኝ። ሲረግጠኝ ነው መሰለኝ አፌ የተከፈተው።

"የመጀመሪያውን ጨዋታ አያልፉም" አልኳቸው።

እዚህ ላይ ባቆም ደህና ነበር። ትንበያ ግን ያለ ምክንያት ሐሜት ነው የሚል የድሮ በሽታ አለብኝ። ስለሚስቱት ውርወራ ተናገርኩ። ሲመሩ ስለሚደነግጡት ተናገርኩ። አቶ ደምሴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ እንዲያውም በአንዱ ተስማሙ። ያ ልብ ሰጠኝና ረጅሙ ልጅ ላይ ደረስኩ። ሰነፍ ነው አልኩ። ከዕረፍት በኋላ የሚራመደውን አረማመድ ብታዩት፣ እኛ ሆስፒታል ቢሆን ወንበር ላይ አስቀምጬ እገፋው ነበር አልኩ። ሥራ ቦታ ያስቀኝ የነበረ ቀልድ ነው። እዚያ ቤት ማንም አልሳቀም።

አቶ ደምሴ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ሰነፍ አልከው?" አሉኝ።

ከአንቱ ወደ አንተ የወረድኩባት ቅጽበት ያቺ ናት። አወራረዴ ተሰማኝ፤ ደረጃ የሳተ ሰው እንደሚሰማው።

"እኔ ነኝ የማመላልሳቸው" አሉ። "የቡድኑን አውቶብስ አሥራ አንድ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ። ያ ልጅ ጉልበቱ ውስጡ ተበጥሷል። ከጨዋታ ስንመለስ ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነው የሚመጣው። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ የማስርለት እኔ ነኝ። ለአሠልጣኙ አልተናገረም። ለእናቱ አልተናገረም። ከተናገረ ያስቀምጡታል፣ ከተቀመጠ ትልልቆቹ ቡድኖች አያዩትም። በአንድ እግሩ ነው እስከዚህ ያደረሳችሁ፣ አንተ ሰነፍ ትለዋለህ።"

ከተናገሩ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ይህ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ብለው ለመኑን፤ ልጅ ሊጠየቁ የተቀመጡት ሰውዬ እኛን ለመኑ። ጋሽ ይልማ በሦስታችንም ስም ቃል ገቡ። ሽማግልናው እንደምንም ተነግሮ አለቀ፤ ተመካክረን እናሳውቃችኋለን ተባልን። ወጉ ነውና መልስ ሳናገኝ እህል አልቀመስንም። ወይዘሮ አስካለ ያሰናዱት የጾም ምግብ ጠረጴዛው ላይ እንዳማረበት ቀረ። በመኪና ስንመለስ ሙሉጌታ መስኮቱን ከፍቶ ነዳ፣ ብርድ ነበር።

ማክሰኞ ማርኬቱ ስሄድ ሙሉጌታ ቀድሞኝ ደርሶ ታሪኩን እያወራው ነው። ምስጢሩን አይደለም፤ እሱን ዘሎ እኔን ብቻ ነው የሚያወራው። ነጠላዬን፣ ጣራ ማየቴን፣ አያልፉም ማለቴን። ሰዉ ይስቃል። አንዱ ይህ ሰውዬ ፋሲካ ራሱ አይመጣም ይል ይሆናል አለ። በርበሬ የምትመዝነው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ይህም ይቻላል። ሙሉጌታ ግን አቶ ደምሴ በክርክር ድባቅ መቱት፣ የሚመልሰው አጣ ብሎ ጨመረበት።

ያ ውሸት ነው። የሚመልሰው አላጣሁም። እንዲያውም ሰውዬው የነገሩን ሁሉ የእኔን ትንበያ የሚያጸና ነበር፤ ልጁ አይሮጥም አልኩ፣ አይሮጥም። ልክ ሆኜ መሳቂያ መሆን አንገበገበኝና "ጉልበቱ ተበጥሷል" አልኩ። ሳቁ አላቆመም። "ከሹፌራቸው አፍ ነው የሰማሁት፤ ደምሴ ራሱ በረዶ ያስርለታል" አልኩ። ያኔ ቆመ።

ጋሽ ይልማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "አሁን ይህን ለምን ተናገርከው?" አሉኝ። ድምፃቸውን አላነሱም። እኔ እዚህ ያለነው ወንድማማች ነን፣ የሚወጣ ነገር የለም አልኩ። በሚቀጥለው ጠረጴዛ ግን ፍሬው ተቀምጧል። ፍሬው ሪልተር ነው፤ ለቅሶ ቤትም ካርዱን ያድላል። ቤት የማይሸጥበትን ሰዓት የቡድኑ ደጋፊዎች የሚጽፉበት ድረ ገጽ ላይ በሐሰት ስም ሲጽፍ እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አላስታወስኩትም፤ ወይም አስታውሼ እንኳን ሰማ ብዬ ይሆናል። ይህን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

በማግስቱ አንድ የወገብ በሽተኛ ወደ ራጅ እየገፋሁ ነው። ሰውዬው ስልኩን ያነብባል። ሹራቤን አየና አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ሰማህ ወይ፣ ረጅሙ ጉልበቱ ተበጥሶ ደብቆ ኖሯል አለኝ። ማን አለ አልኩት። የቡድኑ አውቶብስ ሹፌር ነው አሉ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አለኝ። ሊፍቱ መጣ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሰውዬው እንግባ እንጂ እስኪለኝ ድረስ ወንበሩን ይዤ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው የሆነው። አሠልጣኙ ልጁን አስመረመረው። ሐኪሞቹ ጉልበቱን አይተው አትጫወትም አሉት። የአውቶብስ ድርጅቱ አቶ ደምሴን ጠርቶ የደንበኛ ምስጢር አወጣህ አላቸው። የውድድሩ ጨዋታ የሚደረግበት ከተማ ስድስት ሰዓት የሚነዳ መንገድ ነበር፤ ያን መንገድ ሊነዱ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ነበር። ለሌላ ሹፌር ተሰጠ። እሳቸው ጡረተኞችን ቁማር ቤት በሚያመላልሰው አውቶብስ ላይ ተመደቡ። ይህን ሁሉ ሕይወት ለዳዊት፣ ዳዊት ለሙሉጌታ ነገረው፤ ሙሉጌታ ኮል አድርጎ ነገረኝና ሌላ ቃል ሳይጨምር ዘጋው። ሃያ ምናምን ዓመት ስንዘጋጋ "በል ቻው ወንድሜ" እንባባል ነበር።

ጨዋታውን ቤቴ ብቻዬን አየሁት። ረጅሙ ልጅ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ተቀምጧል። ቡድናችን በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። ሁለት ነጥብ፤ በአንድ እግሩም ቢሆን ሁለት ነጥብ ያመጣ ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ አያልፉም ብዬ ነበር፣ አላለፉም። የሰብል ባለሙያ ሳለሁ ሰብሉን ያጠፋው ዝናቡ ነበር። የዘንድሮውን ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።

ባለቤቴ ጽጌ ከኩሽና መጥታ ውጤቱን አየች። ታሪኩን ከሴቶቹ ሰምታለች። ልክ ነበርኩ አልኳት፤ ለምን እንዳልኳት አላውቅም፣ ሌላ የምናገረው ስላጣሁ ይሆናል። "ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬአለሁ" አለችኝ፤ "ልክ ሆነህ የጠቀምከኝ አንድ ቀን ንገረኝ።" አሰብኩ። እሷ ሰሃኖቹን አጥባ፣ አድርቃ፣ ደርድራ እስክትጨርስ አሰብኩ።

ስለ ሽማግልናው መልስ መጣ። አቶ ደምሴ እሺ ብለዋል፤ ልጄ ምን አጠፋች ብለዋል። መልሱን ሊቀበሉ ጋሽ ይልማና ሙሉጌታ ይምጡ፣ ሦስተኛው ሰው አይድከም ብለዋል። አይድከም። ሰው ደጄን አትርገጥ የሚለውን እንዲህ ለድካምህ አስቦ ሲለው ከስድብ ይብሳል።

ይቅርታ ልጠይቅ ቆረጥኩ። ጋሽ ይልማን አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። በስምህ የገባሁትን ቃል አፍርሰህ እኔኑ ሽማግሌ ልትልከኝ ነው ወይ አሉኝ። ማርኬቱ ውስጥ ሌላ የምጠይቀው አልነበረም፤ ሰዉ እኔ ስገባ ስለ አየር ንብረት ማውራት ጀምሯል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ በሜትሮ፣ ከዚያ በአውቶብስ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። እንደ ጥንቱ ድንጋይ ተሸክሜ ልግባ ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን እዚያ ግቢ ያለው ድንጋይ ሁሉ ለአበባ ዙሪያ የተደረደረ የነዋሪዎች ማኅበር ንብረት ነው። ባዶ እጄን ደረስኩ።

አቶ ደምሴ ከሥራ ገብተው የደንብ ልብሳቸውን ሳያወልቁ በራፉ ላይ ቆመው ፖስታ ያገላብጣሉ። እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው እጃቸውን አልሰጡኝም፣ ራሳቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ። ያኔ ነው ሰሙነ ሕማማት መሆኑ ትዝ ያለኝ። በዚያ ሳምንት ሰው በእጅ አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም። ከዓመቱ ሃምሳ ሁለት ሳምንት መርጬ መርጬ፣ የጠላኝ ሰው እጁን ቢነሳኝ ለእኔ ይሁን ለጌታ ሕማማት በማይለይበት ሳምንት ነው የሄድኩት።

የተዘጋጀሁበትን ንግግር ተናገርኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፖስታዎቹን አስተካክለው ያዙና፣ "ልጁ ደወለልኝ" አሉ።

ረጅሙን ልጅ ማለታቸው ነበር።

"አንተ ነህ ወይ የተናገርከው አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው? ቤቴ የመጣ እንግዳ ነው ልበለው? የተናገርኩት እኔ ነኝ። አንተ ሰማህ እንጂ።"

አንተ ያጠፋኸው ነው ቢሉኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ውሻ ቢለቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ለዚያ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጥፋቴን ወስደውብኝ ሲገቡ ግን ባዶ እጄን ቆሜ ቀረሁ። በሩን በቀስታ ዘጉት። ተመልሼ አውቶብስ ፌርማታው ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ልጁ ሲደውልላቸው ምን ብሎ ይጠራቸው ይሆን እያልኩ ነበር። ጋሼ ይላቸው ይሆን፣ ፓፓ፣ ወይስ በስማቸው።

ከፋሲካ በኋላ የሠርጉ ካርድ መጣ። ላዩ ላይ "ወይዘሮ ጽጌ ከነባለቤታቸው" ይላል። ከነባለቤታቸው ሆኜ ሄድኩ። የተቀመጥነው ከድምፅ ማጉያው ሥር ነው፤ ያ ቦታ ለእኔ የተያዘ ይሁን የደረሰኝ አልጠየቅሁም። ሙሉጌታ ከሩቅ አንገቱን ነቀነቀልኝ፣ ለጽጌ ይሁን ለእኔ። ዳዊትና ሕይወት ያምሩ ነበር። ማንም በእኔ ምክንያት አልተለያየም፤ ይህችን ይዤ ቁጭ አልኩ።

አቶ ደምሴ እንግዳ እያበሉ በየጠረጴዛው ይዞራሉ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ጽጌን ስመው እንኳን መጣሽ አሏት። ከዚያ ለእኔ እንጀራውን እየጠቀለሉ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ለመጪው ዓመትስ ምን ትላለህ?" አሉኝ።

እኔ የማውቀውን ሁሉ አውቃለሁ። ረጅሙ ልጅ ተሰናብቷል፤ የሩቁን የሚወረውረው ወደ ሌላ ኮሌጅ ሊዛወር ነው፤ የሚመጡት አዲሶች ገና ልጆች ናቸው። ውድድሩ ውስጥ መግባታቸውም ያጠራጥራል። አቶ ደምሴን አየኋቸው።

"ዋንጫውን ይወስዳሉ" አልኩ።

ጥቅሉን እንደያዙ ጥቂት አዩኝ። "ያን ቀን እኮ ቢያንስ አልዋሸኸኝም" አሉ፤ ጎንበስ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማው። የምመልሰው ነበረኝ፣ ሁልጊዜም አለኝ። ጉርሻው ግን ትልቅ ነበር። አላምጬ፣ ውጬ፣ ውሃ ጠጥቼ ቀና ስል እሳቸው ሦስት ጠረጴዛ አልፈው ሌላ ሰው እያጎረሱ ነበር።